እንቁላሎቹ ማንን ሰሙ?

ባለፊሽካዋ ዳክዬዎቿን የምትሸጠው ከነፊሽካቸው ነበር። ገዢ መጥቶ ጫጩቶቹን በካርቶን ሲረከብ፣ አንዲት የቆርቆሮ ፊሽካ በክር አድርጋ አንገቱ ላይ ታጠልቅለታለች። «ሊመሽ ሲል ይህቺን ንፋ፤ ኩሬው ውስጥ ያለ ሁሉ ተሰልፎ ይመጣልሃል» ትለዋለች። የማያምነው ይስቃል። ቤቱ ገብቶ ሲነፋ ግን ጫጩቶቹ እየተደናቀፉ መጥተው እግሩ ሥር ይኮለኮላሉ፤ ያን ጊዜ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ያሳያል። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ባለፊሽካዋ ሲባል ግን የማያውቃት የለም።

ነገሩ ምትሃት የለበትም። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው የእንስሳት እርባታ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ትምህርት ልቧ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ነበር፦ ጫጩት ከቅርፊቱ ሳይወጣ ይሰማል። ሊፈለፈል ሲቃረብ ጆሮው ይከፈታል። እናቱ ላዩ ላይ ተቀምጣ የምታሰማውን ድምፅ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ያጠናል፤ ሲወጣም መልኩን አይቶት የማያውቀውን ያንን ድምፅ ይከተላል። በማሽን የሚፈለፈል እንቁላል ግን እናት የለውም፤ ሲሰማ የሚውለው ማራገቢያውን ብቻ ነው። «እንግዲያው እናታቸው ፊሽካ ትሁን» አለችና፣ ጊዜያቸው ሲደርስ ጠዋትና ከሰዓት አጠገባቸው ቆማ ትነፋላቸው ጀመር። ሠራላት።

ስለዚህ ቤቱ ሕግ ነበረው። እንቁላሎቹ ያሉበት ክፍል ውስጥ ወሬ የለም፣ ዘፈን የለም፣ ሬዲዮ የለም። ከእሷ በቀር የሚገባም የለም። ክፍሉ ከጓሮው ጫፍ ያለ ጠባብ የጣውላ ቤት ነው። እሱንም፣ በሩንም፣ ውስጡ ያለውን የመፈልፈያ ሳጥንም የሠራው ባሏ ነበር። አናጢ ነበር፤ እጁ የነካው ጣውላ አየር አያስገባም።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ያ ክፍል ሌላም ጥቅም አገኘ። እንቁላሎቹን በመብራት አይታ፣ አገላብጣ፣ የውሃውን ሳህን ሞልታ ስትጨርስ፣ ባለፊሽካዋ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ስልኳን ታወጣለች። ባሏ ከሥራ ቦታው ይልክላት የነበረ የድምፅ መልእክቶች አሏት። ቁም ነገር የለባቸውም። ምስማር አልቆበት እንደዘገየ ይናገራል፤ ዝናቡን ይራገማል፤ አንዱ ላይ ከጎኑ ያለ ሰው ሲስቅ ይሰማል። ማራገቢያው ስለሚጮህ ውጭ ያለ ሰው ምንም አይሰማም። እሷም የምትፈልገው ይህንኑ ነበር። ቀብሩ ላይ እንኳ ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም። ግማሹ ሰው «ጠንካራ ናት» አለ፣ ግማሹ «ልበ ደረቅ ናት» አለ፤ ሁለቱንም አላረመችም።

ግቢው ውስጥ ከእሷ ሌላ የሚኖረው ትንሹ ብቻ ነው፤ የባሏ ታናሽ ወንድም። ትንሹ ይባል እንጂ በር የሚገባው አጎንብሶ ነው። ኩሬ ያጥባል፣ መኖ ይሸከማል፣ ጫጩት ያደርሳል። ድሮ እሱ አፉን ከከፈተ ግቢው ይሞላ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ግን በተናገረ ቁጥር ባለፊሽካዋ ፊቷን ታዞርና «ድምፅህን ዝቅ አድርግ» ትለዋለች። ለምን እንደሆነ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቀም። መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቀጥሎ ንግግሩን አሳጠረ። በመጨረሻ በአንገቱ ብቻ መመለስ ጀመረ።

ዝም የሚል ሰው ደግሞ ያስጠረጥራል።

«ምን እያሰበ ነው ግን?» አለቻት ታናሽ እህቷ አንድ ቀን። እህቷ ነርስ ናት፤ ተረኛ ባልሆነች ቀን እየመጣች ለጫጩቶቹ ካርቶን ታጥፋለች። እጇ ካርቶን ሲያጥፍ ምላሷ ሰው ይዘረጋል።

«ማን?»

«ዋርሳሽ ነዋ! እንደ ጅብራ ተገትሮ ያያል እንጂ አይናገርም።»

«ጭምት ነው።»

«ጭምት? እሱ? ወንድሙ በነበረ ጊዜ ሳቁ እኮ እኔ ሆስፒታል ድረስ ነበር የሚሰማው! እህት ዓለም፣ ትናንት ከመኖ ነጋዴው ጋር መኪና ውስጥ አይቼዋለሁ። በሩን ዘግተው፣ ጆሮ ለጆሮ ገጥመው።»

«መኖ ሊጭን ሄዶ ይሆናላ።»

«መኖ በጆሮ ነው እንዴ የሚጫነው?»

ባለፊሽካዋ ሳቀች። ሳቋ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። የመኖ ነጋዴው ዳክዬዎቹ ለፊሽካ የሚታዘዙበትን ምሥጢር ለማወቅ ስንት ጊዜ ዙሪያዋን እንደዞረ ታውቃለች። «እስቲ እኔም ልማር፣ አብረን እንሥራ» ብሏት ነበር። ከእሷ ያላገኘውን ከትንሹ ቢጠይቅስ?

የዚያን ሰሞን ጫጩቶች ያዘዘው የአንድ ሆቴል አትክልተኛ ነበር። ለአትክልቱ ቦታ ኩሬ ዳክዬ ፈልጎ፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ሊረከብ መጣ። ባለፊሽካዋ እንደ ልማዷ ጫጩቶቹን ግቢው ውስጥ ለቀቀቻቸውና ራቅ ብላ ነፋች።

አንዱ አንገቱን ቀና አደረገ። ሌሎቹ የእግራቸውን ጣት መልቀማቸውን ቀጠሉ።

ደግማ ነፋች።

«ምነው እሜቴ፣» አለ አትክልተኛው፣ «እነዚህ አልሰሙም ወይስ ንቀውን ነው?»

ወዲያው ከውጭ በር፣ መኖ ያመጣ አንድ ጋሪ ነጂ ትንሹን ተጣራ። ትንሹ መጋዘን ውስጥ ጆንያ እየደረደረ ነበርና ሳያስበው፣ የእናቱ ቤት ልማድ ሆኖበት፣ እንደ ድሮው ጮክ ብሎ መለሰ፤

«መጣሁ፣ መጣሁ!»

ያ ሁሉ ቢጫ መንጋ ባንድ ጊዜ ዞረ። ልክ የተዘረጋ ጨርቅ ጫፉን ሲጎትቱት እንደሚሄደው ግቢውን አቋርጦ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየወደቀ፣ መጋዘኑ በር ላይ ከትንሹ እግር ሥር ተከመረ። ትንሹ ጆንያ እንደተሸከመ፣ እንዳይረግጣቸው ፈርቶ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ቀረ።

«እሜቴ!» አለ አትክልተኛው እየሳቀ፣ «ፊሽካውን ትቼ ይህንን ሰውዬ አንገቴ ላይ ላንጠልጥለው?»

ጋሪ ነጂው ሳቀ፤ ነርሷም ሳትወድ ሳቀች። ባለፊሽካዋ አልሳቀችም። ድምፁን ስትሰማ እሷም ከጫጩቶቹ ጋር እኩል ዞራ ነበር፤ ይህን ግን ማንም አላየም። አትክልተኛው የሚቀጥለውን ዙር እንደሚጠብቅ ተናግሮ ባዶ እጁን ሄደ።

«ነግሬሽ ነበር ብል ትቆጪኛለሽ» አለች ነርሷ፣ በሩ እንደተዘጋ።

«አልቆጣም። ተናገሪ።»

«እንቁላሎቹን በራሱ ድምፅ እያስለመዳቸው ነው። ነገ ከነጋዴው ጋር የራሱን ሥራ ይከፍታል። ደንበኞችሽ ፊሽካሽን ነፍተው ነፍተው ሲሰለቻቸው የት ይሄዳሉ? እሱ ጋ! ‘ጠርጥር’ ነው የሚባለው፤ ቀሪውን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«በምን ይገባል? ቁልፉ ይኸው አንገቴ ላይ ነው።»

«የባልሽስ ቁልፍ?»

ባሏ የራሱ ቁልፍ ነበረው። የሞተ ቀን የለበሰው ኮት ከሆስፒታል በፌስታል ታስሮ መጥቶ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንደታሰረ ተቀምጧል። አልፈታችውም። ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ አታውቅም፤ ለማወቅም አልደፈረችም። ይህን ለእህቷ ከመናገር ሌላ ነገር መናገር ቀለላት።

«ጠፍቷል» አለች።

«ይኸው!» አለች እህቷ፣ ካርቶኑን በመዳፏ እየመታች። «ይኸው እንግዲህ!»

ከሰዓት ትንሹ ኩሬውን ሲያጥብ አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

«ከእንቁላሎቹ ጋር ታወራለህ?»

መጥረጊያውን እንደያዘ ቀና አለ። «ምን አልሽ እትዬ?»

«ክፍሉ ትገባለህ ወይ ነው የምልህ።»

«እኔ ከሰው ጋር መቼ አወራሁና ነው ከእንቁላል ጋር?» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው ቀስ ብሎ።

ቀልድ ይሁን ወቀሳ አልለየላትም። «ታዲያ ለምን አንተ ጋ መጡ?»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው።» ፈገግታ ቃጣውና ተወው። «አዝነውልኝ ይሆናል።»

«ድምፅህን ዝቅ አድርግ» አለችው። የተናገረው በሹክሹክታ መሆኑን ያስተዋለችው ጀርባዋን ሰጥታው ጥቂት ከሄደች በኋላ ነው።

አዲስ እንቁላሎች ሳጥኑ ውስጥ ገቡ። ባለፊሽካዋ በመብራት ስታያቸው፣ መጀመሪያ ቀይ ክር የመሰለው ነገር ቀስ በቀስ እየጠቆረ፣ እየተላወሰ፣ ቅርፊቱን ሞላ። ጆሯቸው የሚከፈትበት ጊዜ ሲቃረብ ዓይኗን ከትንሹ ላይ መንቀል አቃታት። ድመት የአይጥ ጉድጓድ እንደምትጠብቅ ጠበቀችው። በክፍሉ በኩል ቀስ ብሎ ካለፈ፣ ለምን ቀስ አለ? ፈጥኖ ካለፈ፣ ምን አስፈራው? አንድ ጠዋት በወጥ ቤቱ መስኮት ስታይ፣ ትንሹ የክፍሉ በር ላይ መዳፉን አሳርፎ፣ ጣውላውን ወደ ታች ዳበስ ዳበስ አድርጎ ሄደ። መቆለፊያውን እየሞከረ ነው አለች በልቧ፤ ይህንንም ከሌላው ጋር ደረበችው።

በመጨረሻ ወጥመድ አሰበች። አንድ ማታ በሩን ስትቆልፍ ደፉ ላይ የደቀቀ የመኖ ዱቄት ነሰነሰች። የገባ ሰው ዱካውን ትቶ መውጣቱ አይቀርም። ነጋ፤ ዱቄቱ እንደተነሰነሰ ነው። ገብታ ስትወጣ የተገኘው የራሷ ነጠላ ጫማ ዱካ ብቻ ነበር። በማግስቱም የራሷ፣ በሌላውም ቀን የራሷ።

«በመስኮት ይሆናላ» አለች ነርሷ።

«መስኮቱ እኮ መዳፍ አያስገባም።»

«አፍ ያስገባል።»

እንዲህ ሰው ሲጠብቁ መዋል ያደክማል። ባለፊሽካዋ የምታርፈው ማንንም በማትጠብቅበት በዚያ ክፍል ውስጥ ነበር። ፊሽካዋን ትነፋለች፤ ከዚያ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች፤ ስልኳን ታወጣለች። ከወትሮው አብዝታ መቀመጥ ጀመረች። አንዳንድ ቀን ፊሽካዋን መንፋቱን ትረሳዋለች።

እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ጥቂት ሲቀራቸው፣ እህትማማቾቹ ካርቶን እያጠፉ ሳለ፣ ትንሹ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

«እትዬ፣ የመኖ ነጋዴው መጋዘኑ ውስጥ ሥራ ሰጥቶኛል። ነገ ጠዋት መኪናው በዚህ ሲያልፍ አብሬው እሄዳለሁ።»

ነርሷ እህቷን በክርኗ ጎሸመቻት። ባለፊሽካዋ ሲጠብቁት የቆየ ክፉ ነገር ሲመጣ እንደሚሰማው ያለ፣ እፎይታ የሚመስል ነገር ተሰማት።

«እንግዲያው ቁልፉን አስረክበኝና ሂድ» አለች።

«የምን ቁልፍ?»

«የወንድምህን።»

ትንሹ ቀና ብሎ አያት። ስትከሰው የነበረውን ነገር ስፋት ገና አሁን የተረዳው ይመስል ነበር። «የወንድሜ ቁልፍ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው የሚሆነው» አለ። «ሁልጊዜ የሚያደርገው እዚያ ነው። ኮቱን ከሆስፒታል ያመጣሁልሽ እኔ ነኝ፤ ፌስታሉን አልፈታሁም።» እጁን ከመኖ ብናኝ አራገፈ። «ሥራውን የለመንኩት እኔ ነኝ። እዚህ ቤት ድምፄ ከከበደ፣ እኔም መክበድ የለብኝም ብዬ ነው።»

ከሄደ በኋላ ነርሷ ካርቶኗን አስቀመጠች። «ኮቱን አላየሽውም እንዴ?»

ባለፊሽካዋ ከፊቷ ያለውን ካርቶን አጥፋ ጨረሰች።

በማግስቱ ጠዋት ቁም ሳጥኑን ከፈተች። የፌስታሉ ቋጠሮ ጠንክሮ ስለነበር በጥርሷ ፈታችው። ኮቱ አሁንም የጣውላ ፍቅፋቂ ይሸታል። ቀኝ ኪሱ ውስጥ በቢላዋ የተቀረጸ ጉራጅ እርሳስ አገኘች። ከእርሳሱ ሥር ቁልፉ ነበር።

ትንሹ አልገባም። ማንም አልገባም።

ጥርጣሬ ግን የያዘው ሰው ከእጁ ሲያመልጥ ወዲያው አይሞትም፤ ሌላ ሰው መፈለጉን ይቀጥላል። ታዲያ ማነው? እያለች ሁለቱንም ቁልፎች እንደጨበጠች ወደ ክፍሉ ሄደች። ደፉ ላይ ዱቄቱ አለ፤ ዱቄቱ ላይ የትናንቱ የራሷ ዱካ አለ። በዚያው ላይ ረግጣ ገባች። እንቁላሎቹን ነካካች፤ ቅርፊታቸው ገና አልተሰነጠቀም። በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና፣ እጇ እንደለመደው ስልኩን አውጥቶ የሳጥኑ ክዳን ላይ አስቀመጠው። ስልኳ ወድቆ ከተበላሸ ወዲህ ላውድ ካልተደረገ አይሰማም፤ ሁልጊዜም የምታስቀምጠው እዚያው ነው።

ባሏ ስለ ምስማሩ ተናገረ። ዝናቡን ረገመ። ከዚያ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ እንደሚለው አለ፤

«መጣሁ፣ መጣሁ! በሩን ክፈቺ።»

ከሳጥኑ ውስጥ አንዲት ቀጭን ድምፅ «ጲ» አለች።

ሌላዋ ተከተለች። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሁሉም፤ ያልተሰነጠቀ ቅርፊት ውስጥ ሆነው፣ ታፍነው፣ ተጣደፉ። መልእክቱ ሲያልቅ ዝም አሉ።

ባለፊሽካዋ ፊሽካዋን አንስታ ነፋች። ዝም። መልእክቱን እንደገና ከፈተች፤ እንደገና ተንጫጩ። መዳፏን ክዳኑ ላይ ስታሳርፍ፣ ባሏ የሠራው ጣውላ በባሏ ድምፅ ሲነዝር ተሰማት።

ሐዘኗ ዝምታ ይመስላት ነበር። ለካ ሲሰማት የኖረ አለ።

ትንሹንም ሆነ ወንድሙን ያሳደገች እናት አንድ ናት፤ የሁለቱም ጉሮሮ ከአንድ ቤት የወጣ ነው። ይህን ከሁሉ በፊት የምታውቀው እሷ ነበረች። ፊቷን የምታዞረው ለምን ሆነና?

ውጭ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ወጥቶ «ቁልፉ ተገኝቷል፣ ይቅር በለኝ» ማለት ይበቃ ነበር። ሌላውን ማንም አይጠይቃትም፤ እሱም ጫጩቶቹ ለምን እንደተከተሉት ሳያውቅ፣ ስሙ ግማሹ ነጽቶ ግማሹ ሳይነጻ ይሄድ ነበር። ይህንንም አሰበችው፤ አላሰበችም ማለት ውሸት ነው። በሩ ላይ ቆማ ቁልፎቹን እጇ ውስጥ አገላበጠች።

«ትንሹ!» ብላ ተጣራች። «ና ግባ።»

ትንሹ ሻንጣውን ውጭ በር አጠገብ አስቀምጦ መጣ። «እዚህ ውስጥ?»

«አዎ። አንቺም ነይ» አለች እህቷን።

ትንሹ አጎንብሶ ገባ። ነርሷ ደፉ ላይ ቆመች። ባለፊሽካዋ ማንንም ሳታይ ስልኩን ክዳኑ ላይ አስቀምጣ ከፈተችው።

«ይሄ እኔ ነኝ እንዴ?» አለ ትንሹ ደንግጦ። «መቼ ነው የቀዳሽኝ?» ከዚያ ምስማሩን ሰማ። ዝናቡን ሰማ። በሩን ክፈቺ የሚለው ጋ ሲደርስ እንቁላሎቹ ተንጫጩ፤ እሱም በሩን የሚደግፍ ይመስል እጁን ግድግዳው ላይ ጣለ።

«አንተ አይደለህም» አለች ባለፊሽካዋ። «ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። እዚህ እየተቀመጥኩ እሰማዋለሁ።»

ስልኩን አንስታ ኪሷ ከተተችው።

«ለዚህ ነው እንዴ... ‘ድምፅህን ዝቅ አድርግ’ የምትይኝ?»

አዎ ብላ አንገቷን ነቀነቀች።

«እኔ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነው፣ እትዬ።»

«እኔ ደግሞ ሌባ መስለኸኝ ነበር» አለች ነርሷ ከደፉ ላይ፤ ያለችው ነገር መልሶ ራሷን አሳፈራትና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

ጥሩምባው እንደገና ጮኸ። «አንተ!» አለ ሾፌሩ ከውጭ። «ትመጣለህ ወይስ ልሂድ?»

ትንሹ ባለፊሽካዋን አያት። «ምን ልበለው?» አለ፣ እንዳስለመደችው በሹክሹክታ።

«የፈለግከውን በለው» አለች። «ብቻ ጮክ በል፤ እንዲህ ካልከው አይሰማህም።»

ትንሹ ደረቱን ሞልቶ ተነፈሰ።

«ሂድ! እኔ አልመጣም!»

ግቢው ሞላ። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ባንድ አፍ መለሱለት፤ ውጭ ያሉት የፊተኞቹም፣ ሳይሸጡ የቀሩት፣ እየተደናቀፉ ወደ ክፍሉ በር ይሮጡ ጀመር። ባለፊሽካዋ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቷን አላዞረችም።